ዘውዱን ጨብጦ ይቅርታ የለም! ከሐምሌት እስከ መቅደላ

(ኮምቦልቻ ላይ ለቲያትር ወዳጆች የተደረገ ንግግር)



ስለ ሼክስፒር ልናገር ወደ እናንተ እንደምመጣ የሰማ አንድ ወዳጄ፣ «ጤፉ እንዲህ ሰማይ ነክቶ፣ ወሎ እንዲህ ቆስሎ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ተረት ምን ሊፈይድ?» ብሎ ወረፈኝ። እኔም፣ «አንደኛ፣ ንጉሡ የዴንማርክ ነው፤ ሁለተኛ፣ ተረቱ የእኛው ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። ለእሱ ያልጨረስኩለትን ዛሬ ለእናንተ ልጨርስ።

ሐምሌት ከተጻፈ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከኦቴሎና ከማክቤዝ ጋር ወደ አማርኛ መልሶልናል። ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ይኸውላችሁ። ንጉሡ ተኝቶ ሳለ ወንድሙ ክላውዲየስ በጆሮው መርዝ ያፈስበታል። ሕዝቡ እባብ ነደፈው ተብሎ ይነገረዋል። ገዳዩ ዘውዱን ይጭናል፤ የሟቹ ተዝካር ሳይወጣ ሚስቱን ያገባል። ልጁ ሐምሌት በሐዘን ተቆራምዶ ሳለ የአባቱ መንፈስ በሌሊት ይመጣና ደሙን እንዲመልስለት ያዘዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ቤተ መንግሥት ሰላም አላገኘም።

ተማሪ ሳለን፣ «ሐምሌት ወላዋይ ነው፤ ቶሎ ቢገድለው ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባልሞተ» እንባባል ነበር። ዛሬ ሳስበው ተሳስተን ነበር። ሐምሌት ሳያመነታ ሰይፉን የመዘዘበት አንድ ቦታ አለ። ከመጋረጃ ጀርባ ኮሽታ ይሰማል፤ ማን እንደሆነ ሳያይ ይወጋል። መጋረጃው ሲገለጥ የወደቀው ገዳዩ አይደለም፤ የሚወዳት የኦፊሊያ አባት ፖሎኒየስ ነው! በዚያች አንዲት ውጊያ ኦፊሊያ አብዳ ውኃ በላት። ወንድሟ ላኤርቲስም የአባቱን ደም ሊመልስ ሰይፉን በመርዝ ነክሮ መጣ። አያችሁ? ተበቃዩ ሌላ ተበቃይ ወለደ።

መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ንግሥቲቱ፣ ንጉሡ፣ ሐምሌት፣ ላኤርቲስ ባንድ አዳራሽ ተዘረሩ። የኖርዌው ልዑል ፎርቲንብራስ ደግሞ ከውጭ ገብቶ ባዶውን ዙፋን አገኘ።

ወገኖቼ፣ ይህን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ተንታ ብትወጡ መቅደላ አለላችሁ።

ምኒልክ አባቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲወሩ የሞቱበት፣ በልጅነቱ የተማረከ የሸዋ አልጋ ወራሽ ነበር። ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጉት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። አሳሪውም፣ አሳዳጊውም፣ አማቱም አንድ ሰው ማለት ነው! በ1857 ዓ.ም. ሰኔ ወር ምኒልክ ከአምባው አምልጦ ወረደ። አልጣሽ እዚያው ቀረች። ኦፊሊያን አባቷና ንጉሡ ሐምሌትን እንዲሰልሉባት እንደ ማጥመጃ አቆሟት፤ አልጣሽን ደግሞ ምርኮኛውን እንድታስር ዳሯት። በዴንማርክም በመቅደላም ፍቅር በሥልጣን ቤት ሲገባ ገመድ ሆነ። ገመዱ ሲበጠስ የተጣለችው ሴቲቱ ነች።

ምኒልክ የሸሸው ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ነበር። የእሳቸው ልጅ ደግሞ በቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ ታስሯል። እናት ናቸውና ምኒልክን መልሰው ልጃቸውን ሊያስለቅቁ አስበው ነበር ይባላል። ቴዎድሮስ ግን አልጠበቁም። ምኒልክ ወርቂት ዘንድ መግባቱን እንዳወቁ በንዴት ነደው ልጁን ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት፤ ሬሳቸው ወደ ገደል ተወረወረ።

እስቲ አሁን በወርቂት ቦታ ቁሙ! ልጃቸው ገደል ገብቷል። ልጃቸውን ያስገደለው ንጉሥ እንደ ልጁ ያሳደገው፣ ልጁን የዳረለት ጎልማሳ ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጧል። «ደም በደም» ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ወርቂት ግን ምኒልክን አጃቢ ሰጥተው ወደ ሸዋ ሸኙት። ፖለቲካ አልነበረበትም አልልም፤ ነበረበት። ሆኖም ልጅ የሞተባት እናት የሰው ልጅ አዳነች። ያ የዳነው ልጅ ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ አገር ይዞ አድዋ ወጣ። ከዚህ የበለጠ በቀል ካለ ንገሩኝ!

ቴዎድሮስስ? ከሦስት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሲመጣባቸው ያሰሩት፣ የቀጡት፣ ያስቀየሙት አገር ክንዱን አልዘረጋላቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን ጠጡ። ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ፣ አባቷን ደጃዝማች ውቤን ድል ነስቶ ያሰረውን ንጉሥ ያገባችው፣ ከእንግሊዞች ጋር ስትጓዝ መንገድ ላይ ሞተች። ልጃቸው ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር አረፈ። ፎርቲንብራስ ዘውዱን ወረሰ፤ የናፒየር ጦር ግን ዘውዱንም ብራናውንም ጭኖ ሄደ። ቤተሰብ እርስ በርሱ ሲጨራረስ ቤቱን የሚረከበው ምን ጊዜም ባዕድ ነው።

ይህ ሁሉ የጥንት ወሬ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ እላለሁ፣ አልተውነውም! ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስልሳ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ያን ደም ቀይ ሽብር ተከተለው። ትናንት የታሰረው ዛሬ አሳሪ፣ ዛሬ ያሰረው ነገ ታሳሪ እየሆነ እዚህ ደረስን። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲወድቁ የሆነውን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ያያችሁት እናንተ ናችሁ። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን የምናለቅስለት ሰው አለን። ሙታን ሌሊት መጥተው ደማችንን መልሱ ባይሉንም፣ በስማቸው የሚጮኹ በሕይወት ያሉ መናፍስት ሞልተዋል። ወጣቱም የሚወጋው መጋረጃ ነው፤ ከኋላው ማን እንዳለ አያይም።

ታዲያ ዝም ብለን እንርሳው? አላልኩም! ሙት መርሳት ሁለተኛ መግደል ነው። ሼክስፒር አንድ ትዕይንት አለው፤ ለእኔ የቲያትሩ እምብርት እሱ ነው። ክላውዲየስ ተንበርክኮ ሊጸልይ ይሞክራል። ጸሎቱ ግን አልወጣ ይለዋል። ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል፤ ወንድሙን የገደለበትን ዘውድና ንግሥት አሁንም ይዟል። የተዘረፈውን ሳይመልሱ ምሕረት መለመን ከንቱ መሆኑን ገዳዩ ራሱ መሰከረ!

እዚህ ወሎ ውስጥ አባጋሮቻችን ይህን ያለ ሼክስፒር ያውቁታል። ደም ሲፈስ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ፣ መሐል ይገባሉ። በዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሣ ይከፍላል፣ ከዚያ ደም ይደርቃል። ሳያምንና ሳይክስ «በቃ ተሳሳሙ» የሚል ሽማግሌ አይተን አናውቅም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ስሙ ያምራል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ተጠያቂው ወንበሩን እንደያዘ፣ መዝገቡን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ከሆነ፣ ያ ጸሎት ከክላውዲየስ ጸሎት በምን ይለያል? ፍርዱ ለአንዱ ወገን ሙት ብቻ ከቆመስ፣ የሌላው ልጅ ላኤርቲስ ሆኖ አይመለስም?

እናንተ ልጆች ሐምሌትን እዚህ ልትሠሩት ታስባላችሁ አሉ። ሥሩት! በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ቲያትር ታግዶ ነበር፤ ገዥ ከመድረክ የሚፈራው መስታወቱን ነው። ሐምሌትም ንጉሡን ያጋለጠው በሰይፍ አልነበረም፤ ግድያውን በተዋንያን አሠርቶ ፊት ለፊቱ ሲያሳየው ንጉሡ ደንግጦ ተነሣ። ይህን ትዕይንት ስትሠሩ ከፊት ወንበር የሚነሣ ባለሥልጣን ካለ፣ ስሙን ያዙት። ስትጨርሱም ከመድረኩ ዝቅ ብላችሁ ለሕዝቡ የወይዘሮ ወርቂትን ታሪክ ንገሩልኝ።