ያቃጠልነው ራዲዮና ያዳንነው ራዲዮ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጋበዝነው ስለ አሮጌ የቫልቭ ራዲዮ አጠጋገን ነው። ንግግራችንን በሥራችን ፍሬ ጀምረን ብናስጨበጭባችሁ በወደድን ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን መደበቅ ስለማይገባ በጥፋታችን እንጀምራለን። አንድ ሽማግሌ አምነው የሰጡንን ራዲዮ አቃጥለናል።

ሽማግሌው ሲያስረክቡን «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልተነካም፤ ከመቆሙ በፊት ግን ደኅና ይናገር ነበር» አሉን። እኛም ደኅና ከነበረ ዛሬም ደኅና ይሆናል ብለን አቧራውን ጠራርገን ከመብራት ጋራ አገናኘነው። መስታወቱ በራ፤ ቀጥሎም ማጉረምረም ጀመረ፤ በደስታ እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን የሰም ሽታ መጣ፤ ከሽታው በኋላም ጢስ። ገመዱን ስንነቅል የድምፅ ማውጫው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅነው ዘግይተን ነው። በእንዲህ ያለ ራዲዮ ውስጥ ድምፁን አጠንክሮ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሰደው ኢ ኤል 84 የተባለው ቫልቭ ነው። በእርሱና ከእርሱ በፊት ባለው ቫልቭ መካከል አንዲት ኮንደንሰር አለች፤ ዛሬ ካፓሲተር የምንላት ማለት ነው። ሥራዋ የዘበኛ ሥራ ነው፤ ድምፁን የተሸከመውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች፤ የማይለዋወጠውን ከፍተኛ ቮልት ግን ትከለክላለች። የዚያ ዘመን ኮንደንሰር ከወረቀትና ከሰም የተሠራች በመሆኗ ወረቀቱ በዓመታት ብዛት እርጥበት ይጠጣል። ያን ጊዜ ዘበኛይቱ ትሰንፋለች፤ የማይገባው ቮልት ሾልኮ ወደ ቫልቩ ግሪድ ይደርሳል፤ ቫልቩም ከመጠን ያለፈ ከረንት እየሳበ ይግላል፤ ትራንስፎርመሩንም ይዞት ይሞታል። ጥቂት ብር በምታወጣ ኮንደንሰር የተነሣ የሰው ንብረት አጠፋን።

ሄደን ስንነግራቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡን ይሻለን ነበር። «የተማሩ ናቸው ብዬ ነው የሰጠኋችሁ» አሉና ዝም አሉ።

ሁለተኛው ራዲዮ የአንዲት እናት ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያዳምጡበት የነበረ፥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ በጀርመን አገር የተሠራ ነው። ይህን እንኳንስ ልንሰካው ገመዱንም ቆርጠን በአዲስ ለወጥነው። ከጀርባው ያለው የቮልት መምረጫ 127 ላይ ቆሞ አገኘነውና ወደ 220 መለስነው። በፊውዙ ላይ ደግሞ አንድ ብልኅ ሰው ብርማ የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎበታል፤ ይህን ሰው ብናገኘው የምንነግረው ነገር ነበረን። ከዚያም የሰም ኮንደንሰሮቹን አንድ በአንድ ነቅለን በአዲስ ተካን።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። በዚህ ራዲዮ ውስጥ 250 ቮልት ያህል ይዞራል፤ ትልቁ ኮንደንሰር ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪኩን አቍሮ ሊቆይ ይችላል። አንዱ ጓደኛችን «ተነቅሏል እኮ» እያለ ነክቶት ክንዱ እስከ ትከሻው ደንዝዞ ዋለ። በሬዚስተር አራግፎ፥ በመለኪያ አረጋግጦ ነው እጅ የሚገባው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስናበራው የ60 ዋት አምፑል በመሥመሩ መካከል አስገባን፤ ክር ያለውን የጥንቱን እንጂ ኤል ኢ ዲ አይሆንም። ውስጡ ሾርት ቢኖር አምፑሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ራዲዮው ይተርፋል። ትንፋሻችንን ይዘን ስንመለከት አምፑሉ በራና ደበዘዘ። ጥቂት ቆይቶም አረንጓዴው የመቃኛ ዓይን ተገለጠ።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ቀፎውን ለጌጥ አስቀርተን ውስጡን በብሉቱዝ እንተካው የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ቀርቦ ነበር፤ በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ። ሐሳብ አቅራቢው እዚህ ስላለ ስሙን አንጠራም።

ራዲዮው ኤፍ ኤምም አለው። ይህ መሥመር በአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን ሥራ ፈትቶ የኖረ ነው፤ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነውና። እርሱ ጥርት ብሎ ሲሰማ እማማ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡና «ልጆቼ፥ እስቲ ሸገርን አውጡልኝ» አሉ። ሸገር ያለው 102.1 ላይ ነው፤ በመስታወቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን 100 ላይ ያበቃል። የውስጡን መቃኛ ጥቂት ብናዞረው ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ የመስታወቱ ቁጥር ሁሉ ይዋሻል። የፊተኛውን ሥሪት እንጠብቅ በሚሉና በማይሉ መካከል ክርክር ተነሣ። እማማ ሰሙንና «ቁጥሩን መቼ አነበዋለሁ? ጆሮ አለኝ፤ አዙሩት» አሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ካቻቪቴያችንን ይዘን እንሄዳለን።

ለሽማግሌው ራዲዮ ለኢ ኤል 84 የሚስማማ፥ 5,000 ኦም ገደማ የሆነ የድምፅ ማውጫ ትራንስፎርመር እየፈለግን ነው። ከእናንተ መካከል በቤቱ የወደቀ የቫልቭ ራዲዮ ያለው፥ የተሰበረም ቢሆን፥ ይንገረን፤ ሳትሰኩት።