በዘይት ቆርቆሮ የሚያብበው ጄራኒየም

በአዳማ ግቢዎች በር ላይ፣ በዘይት ቆርቆሮ ተተክሎ የምናየው ባለ ቀይ አበባ ጄራኒየም ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ሽታው እጅ ላይ ይቀራል። በእጽዋት ሳይንስ ስሙ ፔላርጎኒየም ነው፤ ከጄራኒየም ወገን የተለየው እ.ኤ.አ. በ1789 ነው። አብዛኛው ዝርያው የደቡብ አፍሪካ ነው። ብርድ የሚችለው እውነተኛው ጄራኒየም በእኛም ደጋ በዱር ይበቅላል፤ ለአዳማ ሙቀት ግን ፔላርጎኒየሙ ይሻላል።

እዚሁ ቅርባችን ቆቃ ላይ፣ ግሪን ሃውሶች ለተከላ የሚሆን የዚሁ ጄራኒየም ቁርጥራጭ እያመረቱ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይልካሉ። እኛ ደግሞ ከጎረቤት አንድ ጫፍ መለመን ይበቃናል።

አበባ ያልያዘ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫፍ ከአንጓው ሥር በንጹህ ቢላ ቁረጡ። የታች ቅጠሎቹን አንሱ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንቸኩላለን፤ እባካችሁ ወዲያው አትትከሉት። የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ይደር። ከዚያ አሸዋ የበዛበት አፈር ላይ ትከሉት፤ የቆርቆሮው ታች መበሳት አለበት። ውሃ ሲበዛበት ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ይለሰልሳል። ያኔ ያለው መላ፣ ጤነኛውን ጫፍ ቆርጦ እንደገና መጀመር ነው።

ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገብታችሁ ደረቅ ሆኖ ስታገኙት ብቻ አጠጡ፣ ቅጠሉን ሳታረጥቡ። በክረምት ከቅጠሉ ጀርባ ቡናማ ዱቄት ካያችሁ ዋግ ነው፤ ቅጠሉን ለቅማችሁ ከግቢ አርቁት። የበጋው የከሰዓት ፀሐይ ከአዳማ ነፋስ ጋር ይበረታበታልና፣ ቆርቆሮውን የጠዋት ፀሐይ ወደሚያገኝ ግድግዳ ጠጋ አድርጉት።