«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ወላጅ የት ሄደ?

(ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ የሚኖሩ የይፋት ተወላጆች በተሰበሰቡበት ያሰማሁት ንግግር ነው። ጥቂት አሳጥሬ ለጋዜጣው አንባቢያን አቅርቤዋለሁ።)



«ስለ ትምህርት ተናገር» ተብዬ ነው የተጠራሁት። እኔ የትምህርት ሊቅ አይደለሁም። ባለ ዲፕሎማ ነኝ፤ ያገኘሁትን ጽፌ ለየጋዜጣው በማቀበል እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። በዘመኔ የነበረው የአሥረኛ ክፍል ፈተና መሰናዶ ስላላስገባኝ በኮሌጅ በኩል ዞሬ ነው እዚህ የደረስኩት። እንግዲህ የምናገረው ከተማሪው ወንበር ሆኜ ነው።

ከቤቴ ልጀምር። በቅርቡ ሸዋ ሮቢት ያለችው ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። ልጇ አሥረኛ ክፍል ነው። «አንተ ጋዜጠኛው፣» አለችኝ፣ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ልጅ ይማር ወይስ ይተወው? እኩዮቹ ሽንኩርት እየጫኑ ብር ይቆጥራሉ። ግማሾቹም ዐረብ አገር ገብተዋል። የእኔው ደብተር ተሸክሞ ይውላል። ለመሆኑ አሥራ ሁለተኛን የሚያልፈው ስንቱ ነው?»

መልስ አጣሁ። «እትዬ፣ አስቤበት ልደውልልሽ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ያንኑ መልስ ስፈልግ ያገኘሁትን ነው።

በእኛ አገር «የተማረ ይግደለኝ» ይባል ነበር። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ፣ ሮቢትን፣ ጀውሃን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን ስትሻገሩ ይህን ያላለ ወላጅ አልነበረም። በሬውን ሸጦ ልጁን ያስተማረ ገበሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የስንቶቻችን አባት ነው? ታዲያ ያ ወላጅ ዛሬ የት ሄደ? ሹማምንቱ «ግንዛቤ አጥቶ ነው» ይሉናል። እኔ ግን ወላጁ ሒሳብ ሠርቶ ነው እላለሁ። መንግሥት እቅድ እንዳለው ሁሉ ወላጅም እቅድ አለው። ጣጣው የመጣው የመንግሥቱ እቅድ የወላጁን እቅድ ጠይቆ ስለማያውቅ ነው።

ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» የተባለ ትልቅ የትምህርት ጥናት አስጠንቶ ነበር። ለብዙኃኑ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን ይገደብ የሚል ሐሳብ ነበረበት። በወረቀት ላይ ሲያዩት መጥፎ አይመስልም። ወላጁ ግን «የእኔ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቀር፣ የባለሥልጣኑ ልጅ ሊቀጥል ነው?» ብሎ ተረጎመው። መምህራኑም ተቆጡ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራኑ ሥራ ሲያቆሙ ባለ ታክሲዎቹም አብረው አቆሙ። መንግሥት ጥናቱን አዘገየሁት ቢልም ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር። አብዮቱን ካቀጣጠሉት እሳቶች አንዱ የወላጅን ፍላጎት ያልጠየቀ የትምህርት እቅድ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣ። የዚያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ 26 ገደማ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ከመቶ 90 በላይ ደረሰ። ይህን ማንኳሰስ አይገባም፤ በሩ ሲከፈትለት ወላጅ ልጁን አመጣ። ክፍሉ ሞልቶ በፈረቃ፣ በአንድ ዴስክ አራትና አምስት ሆነን ተማርን። ዩኒቨርሲቲውም እንዲሁ በዛ። በደርግ መጨረሻ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ደብረ ብርሃንም ዩኒቨርሲቲ አገኘች። የቆላው ልጅ ጣርማ በርን ወጥቶ ዲግሪ ይዞ የሚመለስበት ዘመን መጣ ብለን ተደሰትን።

ዳሩ ግን ሕንፃ ቆጠሩ እንጂ ሰው አልጠየቁም። በ2000 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ከመቶ 70 እጁ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 እጁ ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተብሎ ከላይ ተወሰነ። ሥራው የት አለ? መምህሩስ? ቤተ ሙከራውስ? ጥቂት ቆይቶ ባለ ዲግሪው ኮብልስቶን ሲያነጥፍ ወላጅ በዓይኑ አየ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኸው አይደል?

ወላጁም ያኔ እቅዱን ቀየረ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን አባረረች። መንግሥትም ጉዞውን አግዶ ቆየና በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923ን አወጣ። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ልጅ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅ ነበረባት። የዚያን ሰሞን አንዲት የጎረቤታችን ልጅ ስምንተኛን እንደጨረሰች ደብተሯን አስቀመጠች። መምህሯ በመዝገቡ ላይ «አቋረጠች» ብሎ ጻፈ። እናቷ ግን «ጨረሰች» ነበር ያሉት። ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ! ለአንዲት ልጅ፣ በአንድ ቀን፣ መንግሥት «አቋረጠች» ሲል ቤተሰብ «ጨረሰች» ይላል። «አቋረጠች» የሚለውን ብቻ ይዞ የሚታቀድ ትምህርት ቤት የማንን ፍላጎት ያሟላል?

አሁን ወደ እህቴ ጥያቄ ልምጣ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተዛውሮ ኩረጃው ሲዘጋበት እውነቱ ወጣ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 896 ሺህ ነበሩ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ከ845 ሺህ ከመቶ 3.2 አለፈ፤ አንድም ልጅ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ከ674 ሺህ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ከ585 ሺህ 8.4 በመቶ። «ተሻሻለ» ብሎ ማጨብጨብ ይቻላል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የተፈታኙ ቁጥር ከ300 ሺህ በላይ ወረደ! ለእነዚያ ሁሉ ልጆች ተብለው የተሠሩት ዩኒቨርሲቲዎችም ያላለፈውን ልጅ «ሪሜዲያል» እያሉ ማስተማር ያዙ።

ጦርነቱን ረስቼ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሙሉ ሲታመስ የትኛው ልጅ ልቡ ተረጋግቶ ይማራል? በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ እንደነበሩ ተነግሯል። ጥይት የዘጋው ትምህርት ቤት አለ። ተስፋ መቁረጥ የዘጋውም አለ። ሰላም ቢወርድ የመጀመሪያው ይከፈታል። ሁለተኛውን ግን ሰላም ብቻውን አይከፍተውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር ልበልና ላብቃ።

አንደኛ፣ ይጠየቅ። በየዓመቱ ስንት ልጅ ቀረ ብሎ መቁጠር አይበቃም፤ ለምን ቀረ፣ የት ሄደ፣ ምን ቢያገኝ ይመለሳል ተብሎ ቤት ለቤት ይጻፍ። ለዚህ የውጭ ባለሙያ አያስፈልግም፤ የወላጅና የመምህር ኅብረት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ከአገሩ ጋር ይነጋገር። ይፋት ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ማሾ፣ የመስኖ ሽንኩርት፣ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል አገር ነው። የውሃ ፓምፕ የሚጠግን፣ ሽንኩርት ሳይበሰብስ የሚያቆይ፣ የዘር ጥራት የሚለይ ልጅ እዚያው ሠልጥኖ እዚያው ይብላ። የትምህርቱ ሰዓትም መኸርና መስኖን ይይ። በአዝመራ ወቅት ግማሽ ቀን ቢማር ምን አለበት? ጨርሶ ከሚቀር!

ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ያስመረቋቸው ልጆች ምን ላይ እንደደረሱ በየዓመቱ ለወላጅ ይንገሩ። ሽንኩርት ነጋዴው እንኳ ዋጋ ሳይጠይቅ አይጭንም። ወላጅ ልጁን አሥራ ስድስት ዓመት ሲያስተምር ዋጋውን የሚነግረው የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን። ይህን ሁሉ «የ1966ቱ ሰዎች ልክ ነበሩ፤ የገበሬ ልጅ እርሻውን ይማር፣ ዩኒቨርሲቲው ለከተሜው ይቅር» ብሎ የሚተረጉምብኝ እንዳይኖር። አይደለም! የቆላው ልጅ ሐኪምም መሐንዲስም የመሆን መብት አለው። ምርጫው የእርሱ ይሁን፣ ሁለቱም በር ይከፈትለት ነው የምለው።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ለእህቴ ደወልኩ። «እትዬ፣ ይማር። ፈተናው የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት መድከሙን ነው ያሳየን፤ የልጁን ድክመት አይደለም። የማስጠኛውን እኔ እችላለሁ፤ በዕረፍቱ ቀን ሽንኩርቱን ይጫን» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «እሺ፤ የአንተስ አጎቱ ስለሆንክ ነው። አጎት የሌለውስ?» አለችኝ።

እኔ ለዚህኛው መልስ የለኝም። መልሱ ያለው በጀት ከሚይዘው፣ እቅድ ከሚያወጣውና ከእናንተ ዘንድ ነው። ጥያቄውን ይዛችሁ ውጡልኝ።