ስም፣ ቤት እና ጽሑፍ፦ ለጀማሪ ጦማሪዎች
(በዋሂል የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)

ከከተማው አዳራሽ ወጥተን እዚህ እንድንነጋገር ስለ ፈቀዳችሁልን አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርእሳችን የራስን ጦማር ስለ ማቋቋም ነው። ጦማር በግእዝም በጥንቱ አማርኛም ደብዳቤ፣ የተጻፈ መልእክት ማለት ነው። አንድ ሰው ያወቀውን ጽፎ፣ ስሙን አኑሮበት፣ ለማያውቀው አንባቢ የሚልከው ነገር ነው። ዛሬ መልእክቱ የሚሄደው በኢንተርኔት መሆኑ የነገሩን ባሕርይ አልለወጠውም።

በትንሹ መጀመርም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግሪካዊው እንድርያስ ካቫድያ “አእምሮ” የተባለውን ጋዜጣ ሲጀምር በእጅ እየተጻፈ የሚሰራጨው 24 ቅጂ ብቻ ነበር። በድሬዳዋ ደግሞ የካቶሊክ ሚስዮን የአልዓዛር ማተሚያ ቤት ነበረ። ከዚህች ከተማ ጋር ስማቸው የሚነሣ አንድ ሊቅም አሉ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት በአደራ ተረክበው ዘመናቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ። አደራውን ከእርሳቸው የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ጽሑፍ የሚኖረው ጸሐፊው ስለ ጻፈው ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀውና የሚረከበው ሲኖር ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ለስድስት ዓመታት ያህል በራሴ ስም በከፈትሁት ገጽ ላይ ጽሑፎቼን አኖር ነበር። የስሙን ዓመታዊ ክፍያ የሚያስታውሰው መልእክት ይላክ የነበረው መጠቀም ወደ ተውሁት የኢሜይል አድራሻ ኖሯል። ጊዜው አለፈ፤ ስሙን ሌላ ሰው ገዛው፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚከፈተው የቁማር ማስታወቂያ ነው። ከጽሑፎቼ በእጄ የቀሩት ለተማሪዎች ያባዛኋቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ከጠፉት መካከል በዚህ በዋሂል አካባቢ አንድ አዛውንት ስለ ማሽላ ዓይነቶች የነገሩኝ ይገኝበታል። እርሳቸው ዐርፈዋል። ያንን ዳግመኛ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ጦማር ሦስት ነገሮች አሉት፦ ስም፣ ቤት እና ጽሑፍ። ጀማሪ ሁሉ ሦስቱን እንደ አንድ ያያቸዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስም የምንለው ዶሜይን ነው። ይህ ለዘለቄታው አይገዛም፤ ለዓመት ወይም ለተወሰኑ ዓመታት ይከራያል። በነጥብ ኢቲ የሚያበቃውን የአገራችንን ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከየትም ብትወስዱት ስሙ በእናንተ በራሳችሁ ይመዝገብ። ገጹን በሚሠራላችሁ ወዳጅ ስም ከተመዘገበ ባለቤቱ እርሱ ነው። የሚመዘገበው የኢሜይል አድራሻ በየቀኑ የምትከፍቱት ይሁን፤ የማደሻው ቀንም በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ይጻፍ።

ቤት የምንለው ሆስቲንግ ነው። ጽሑፋችሁ ሌሊትና ቀን ከማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ አንባቢ ስማችሁን ሲጠራ የስሞች ማውጫ ወደዚያ ኮምፒውተር ይመራዋል። በነጻ የሚያስተናግዱ አሉ፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጉግል እጅ ያለው ብሎገር አንዱ ነው። ዎርድፕረስ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ኩባንያው ራሱ የሚያስተናግደው ሲሆን፣ ሁለተኛው ማንም በነጻ ወስዶ በተከራየው ቤት የሚተክለው ሶፍትዌር ነው። ከውጭ አገር አስተናጋጅ ለመከራየት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ይህም ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጀማሪ በነጻው ቢጀምር አልነቅፍም። ነገር ግን ነጻ ቤት የሰው ቤት መሆኑን አይርሳ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ገጻቸውን ያኖሩበት ጂኦሲቲስ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ቀድሞ ያላወጣ ሰው ንብረቱን አጥቷል።

ከዚህ የሚከተለው ሕግ አንድ ነው። የማትወጡበት ቤት አትግቡ። ከመጀመራችሁ በፊት “ጽሑፌን በሙሉ አውርጄ ወደ ሌላ መውሰድ እችላለሁን?” ብላችሁ ጠይቁ። ብሎገርም ዎርድፕረስም ይህን ይፈቅዳሉ። በወር አንድ ጊዜ አውርዱ፤ አንዱን ቅጂ በፍላሽ፣ ሌላውን በምታምኑት ሰው ዘንድ አኑሩ። የይለፍ ቃሉንም ከእናንተ በኋላ የሚረከብ ሰው ይኑር።

ሦስተኛው ጽሑፉ ነው፤ በፊደላችን ለሚጽፍ ሰው የተለየ ጥንቃቄ ያሻዋል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ካላችሁ እንዳለ ብትለጥፉት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ አስቀድሞ ይለወጥ። በገጹ አድራሻ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደላችን ሲላክ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይዘረዘራል፤ “ሰላም” የሚለው ሦስት ፊደል 27 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ርእሱን በፊደላችን፣ አድራሻውን በአጭር የላቲን ቃል ጻፉ። “ፀሐይ” ብላችሁ የጻፋችሁትን “ጸሀይ” ብሎ የሚፈልግ አንባቢ ላያገኘው ይችላል፤ አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ ጽኑ፤ ሌላውንም ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ አስገቡት።

ሥዕልንም አሳንሱ። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ሜጋ ባይት ይመዝናል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን በአገሪቱ ቀድሞ የጀመረው በድሬዳዋ ነው፤ ቢሆንም ከከተማ ወጣ ሲባል ኔትወርኩ እንዴት እንደሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ጎረቤታችሁ ሊከፍተው የማይችለውን ገጽ ለማን ትጽፉታላችሁ?

ስለ ኀላፊነትም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ2004 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ የተባለውን ጦማር የመሠረቱ ወጣቶች ነበሩ። ስሙ የተወሰደው ከቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች ነው፤ ዘጠነኛው ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት። ከመካከላቸው ስድስቱ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ታሰሩ፤ የመጨረሻዎቹ ከእስር የወጡት በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። በአገራችን መጻፍ ዋጋ ያስከፈለበት ጊዜ እንደ ነበረ እወቁ። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አንብቡ። ከሕግም በፊት ግን ጎረቤት አለ። የሰውን ታሪክ ከመጻፋችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ከጻፋችሁም በኋላ አንብቡለት። በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ የነገራችሁን ሰው ቃል በአማርኛ ብቻ አታስቀሩበት፤ በራሱ ቋንቋም ይቀመጥ።

“ምን ልጻፍ?” የሚለኝ ተማሪ ብዙ ነው። መልሴ ስለ ዓለም ሳይሆን ስለ ደጃፋችሁ ጀምሩ የሚል ነው። የምንጮቻችሁን ስም፣ የዝናቡን ምልክት፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ወላጆቻችሁ የሰሙትንና ያዩትን ጻፉ። ይህን እናንተ ካልጻፋችሁት ሌላ የሚጽፈው የለም።

የማሽላው ጉዳይ አሁንም ያንገበግበኛል። አዛውንቱ ዐሥራ አንድ ዓይነት ቆጥረውልኝ ነበር፤ እኔ የማስታውሰው አራቱን ነው። ከእናንተ መካከል ሰባቱን የሚያውቅ አባት ወይም እናት ያለው ተማሪ ቢኖር፣ የመጀመሪያ ጽሑፉ ይህ ይሁንለት። ለእኔም ይላክልኝ፤ ቅጂውን እጠብቃለሁ።