ስለ እጅ ጭብጥ ኃይል ለብረት አንሺዎች የተደረገ ንግግር



በዚህ ዓመት የማኅበራችን የስፖርት ክፍል ይግዛልን ተብለው ከተጠየቁት ዕቃዎች አንዱ የእጅ አንጓን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ጠፍር ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ጀርባና ጭን ገና ሳይደክሙ ጣት ይፈታል፥ ብረቱም ይወድቃል። እኔ ግን የቆምሁት ጠፍሩ እንዳይገዛ ለመከራከር ነው።

በቅድሚያ ጣትን የሚያጥፈው ኃይል ከወዴት እንደሚመጣ እንመልከት። ዋናዎቹ ጡንቻዎች ከክርን በታች በክንድ ላይ ተቀምጠው ጣቶችን በረዣዥም ጅማቶች እንደ ገመድ ይስባሉ። እስቲ በተቀመጣችሁበት አንጓችሁን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ እርሳስ ጨብጡ፤ ጎረቤታችሁ ሳይቸገር ይነጥቃችኋል። አንጓችሁን ቀጥ፥ እንዲያውም ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብታደርጉት ግን እጃችሁ አይለቅም። «እጄ ደካማ ነው» ከሚለው ሰው ብዙውን ያሸነፈው የታጠፈ አንጓው ነው።

ጭብጥ ምን ያህል እንደሚወስን የአሜሪካዊው የጆን ዴቪስ ታሪክ ያሳያል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 በሎንዶን ኦሎምፒክ ከባድ ሚዛኑን ሲያሸንፍ 177.5 ኪሎ ወደ ትከሻው አምጥቶ ከራሱ በላይ አንሥቷል። በ1949 በፓሪስ «የአፖሎን መንኰራኵሮች» የተባለው 166 ኪሎ ብረት ሲቀርብለት ግን፥ ክብደቱ ያነሰ ሆኖ ሳለ፥ ደጋግሞ ሞክሮ በጭንቅ ነው ያነሣው። ውፍረቱ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ እጁ በሚገባ ሊከበው አልቻለም። በመጨረሻ አንዱን መዳፍ ገልብጦ ጨበጠ፤ ብረቱ ወደ ላይ ሲወጣም ያንን እጅ በአየር ላይ ለቅቆ እንደ ገና ያዘ። የዛሬው የወንዶች መወዳደሪያ ዘንግ 28 ሚሊ ሜትር፥ የሴቶቹ 25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ እኛ የምናማርረው በዚህ ነው!

ደግሞም በክብደት ማንሣት ውድድር ጠፍር የተከለከለ ነው። ተወዳዳሪዎች የሚተማመኑት በመንጠቆ አያያዝ ነው፤ ይኸውም አውራ ጣትን ከዘንጉ ጋር አስጠግቶ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ከላይ መቆለፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያማል፤ በቀላል ክብደት የጀመረ ግን ይለምደዋል።

ለልምምዱ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ከብረቱ ሥራ በኋላ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን በአግዳሚ ዘንግ ላይ መንጠልጠል፤ አንድ ደቂቃ ከሞላ በዘንጉ ላይ ፎጣ ጥሎ ፎጣውን ጨብጦ መንጠልጠል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቶ በያንዳንዱ እጅ አንድ አንድ ይዞ ሜዳውን መዞር፤ ውኃው 20 ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያሻም። ለአውራ ጣት ደግሞ ሁለት ክብ ብረቶችን አጋጥሞ በጣቶች ጫፍ ቆንጥጦ መያዝ ነው። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ስለሚጠነክር በየቀኑ የሚታገል ሰው ክርኑን ያሳምማል። ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈርም ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለዚህ ለጠፍር የታሰበው ገንዘብ ላብ ለሚያደርቀው የማግኔዚየም ዱቄት ይዋል፤ ይህን በውድድርም ይፈቅዱታል። መዳፉ ተልጦ ወይም ጣቱ ተጎድቶ ጠፍር የሚያስፈልገው ጓደኛ ቢኖር ማንም አይከለክለውም፤ የራሱን ይዞ ይምጣ።