ስለ ፈረስ ኮቴ ሸርጣንና ዕንቁላሉን ስለሚጥልበት አሸዋ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንድ የባሕር እንስሳ እናገራለሁ። ርእሴን የነገርሁት አንድ ጓደኛዬ «ባሕር በሌለው አገር ማን ሊሰማህ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም «ክትባት ተወግተህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ነገሩ እንዴት እንደሚገናኝ በኋላ እመለስበታለሁ። ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም ከወዲሁ ላስታውቅ።

እንስሳው የፈረስ ኮቴ ሸርጣን የተባለው ከላይ የለበሰው ጥሩር ኮቴ ስለሚመስል ነው። ስሙ ሸርጣን ይሁን እንጂ በዘሩ ይበልጥ የሚቀርበው ለሸረሪትና ለጊንጥ ነው። በድንጋይ ውስጥ የተገኘው የጥንት ቅሪት እንደሚያስረዳው፥ ይህ ወገን በምድር ላይ ከኖረ ከ440 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ዳይኖሰሮች መጥተው ሲጠፉ እርሱ ቆይቷል። ዛሬ የቀሩት አራት ዓይነቶች ናቸው፤ ሦስቱ በእስያ፥ አንዱ በሰሜን አሜሪካ።

የአሜሪካው ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው በደላዌር የባሕር ወሽመጥ ነው። በግንቦትና በሰኔ፥ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ፥ ባሕሩም ከፍ ሲል፥ እንስቷ ወንዱን ከኋላዋ አስከትላ ወደ ዳር ትወጣለች። አሸዋውን ቆፍራ በአንድ ጊዜ ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ዕንቁላል ትቀብራለች፤ ይህንንም ደጋግማ ታደርገዋለች። ብዙ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ለአካለ መጠን የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ለመድረስም ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ይፈጅበታል። እንግዲህ ዛሬ የተገደለችውን እንስት የምትተካ በቶሎ አትገኝም።

ሰው ግን ይህን አላሰበም። በ1870ዎቹ በዚያ ወሽመጥ በየዓመቱ ከ4 ሚሊዮን በላይ እየተሰበሰበ፥ ደርቆና ተፈጭቶ የእርሻ ማዳበሪያ ሆነ፤ የዐሳማ ቀለብም ሆነ። በ1990ዎቹ ደግሞ ኢል የተባለውን እባብ መሳይ ዓሣና ትልልቅ የባሕር ቀንድ አውጣዎችን ለማጥመጃ እየተቆራረጠ ዋለ። ጉዳቱ በእርሱ ብቻ አላበቃም። ሬድ ኖት የምትባል ደረተ ቀይ ወፍ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነሥታ ወደ ሰሜን ዋልታ አገሮች ስትሄድ በደላዌር ታርፋለች፤ ይህንኑ ዕንቁላል እየለቀመች በሁለት ሳምንት ገደማ ክብደቷን እጥፍ ታደርጋለች። ዕንቁላሉ ሲያንስ ወፏም አነሰች፤ በ1980ዎቹ 90 ሺህ ያህል ይቆጠር የነበረው በ2021 ከ7 ሺህ በታች ወረደ። ኒው ጀርዚ በ2008 ሸርጣኑን ማጥመድ በሕግ ከለከለች።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። የእኛ ደም ብረት እንዳለበት የዚህ እንስሳ ደም መዳብ ስላለበት መልኩ ሰማያዊ ነው። ፍሬደሪክ ባንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1956 ይህ ደም ባክቴሪያ ሲገባበት እንደሚረጋ አስታወቀ። ከዚያም ከደሙ ውስጥ መመርመሪያ ተሠራ፤ የአሜሪካ መንግሥት በ1977 ፈቀደው። እነሆ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችና ክትባቶች ከባክቴሪያ መርዝ ንጹሕ መሆናቸው ሲመረመርበት ኖሯል፤ ወደ አገራችን ከሚገቡትም ብዙዎቹ በዚሁ ያለፉ ናቸው። ሸርጣኑ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ወደ ባሕር ይመለሳል፤ ግን ሁሉም አይድንም። በሲንጋፖር ሊቃውንት የተጀመረ፥ ደም የማይፈልግ መመርመሪያ አለ፤ እርሱም በአሜሪካ የመድኃኒት ደንብ ከ2025 ጀምሮ ተቀባይነት አግኝቷል። በእኔ አስተያየት እጅግ ዘግይቷል።

ነገር ግን ዋናው ነገሬ ስለ አሸዋው ነው። ብዙ ሰው ማጥመድ ከተከለከለ እንስሳው ይድናል ብሎ ያስባል። የጃፓን ነገር ይህን አሳብ ያፈርሰዋል። ካሳኦካ በምትባል ከተማ ሸርጣኑ የሚራባበትን ዳርቻ መንግሥት በ1928 የተፈጥሮ ቅርስ ብሎ ሰየመው። ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ ለእርሻ መሬት ሲባል ያንኑ ወሽመጥ በግድብ ዘግቶ የማድረቁ ሥራ ተጀመረ። ስያሜው በወረቀት ላይ ቀረ፤ የእንስሳው ቤት ማሳ ሆነ። በጃፓን ያለው ዓይነት በ2019 ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር ተመዘገበ። እኔ በእነዚያ ሰዎች ለመፍረድ አልደፍርም፤ ከገበሬ አገር የተወለደ ሰው መሬት መፈለግ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ግን የሸርጣኑ ግልገል የመጀመሪያ ዓመታቱን የሚያሳልፈው ጥልቀት በሌለው በዚያው ጭቃ ነው፤ ወደ ሌላ ይሂድ ቢሉት መሄጃ የለውም።

በደላዌር ደግሞ በ2012 ሳንዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በኒው ጀርዚ በኩል ያለውን አሸዋ ጠርጎ ወሰደው። ሰዎች የብርዱን ወራት ሲዘጋጁ ከርመው፥ በ2013 ሸርጣኑ ከመውጣቱ በፊት አሸዋ በካሚዮን እያመጡ በዳርቻው አፈሰሱ። ሸርጣኖቹም መጡ። ዛሬም በዚያው ዳርቻ ማዕበል በጀርባው የገለበጠውን ሸርጣን፥ ሕፃናት ሳይቀሩ፥ ጥሩሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይገለብጡታል። በጅራቱ መጎተት ግን ክልክል ነው፤ ይጎዳዋልና።