ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሌሊት፦ የሕፃናት ልብና የደም ዝውውር



ዛሬ የምናገረው ስለ ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ስላለው ሌሊት ነው። ሕፃኑ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ የልቡ ጉድለት ታርሟል፤ ወላጆቹም እፎይ ብለዋል። ልብ ግን ይበልጥ የሚደክመው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከቦስተን የታተመ ጥናት፣ ታላላቆቹ የደም ቧንቧዎች ቦታ ተቀያይረው በተወለዱና ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ጨቅላዎች ላይ ልብ የሚረጨውን የደም መጠን ደጋግሞ ለካ። በመጀመሪያው ሌሊት መጠኑ በአማካይ በ32 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ የልብ ጡንቻ ደም ተቋርጦበት ቆይቶ ሲመለስለት ይጎዳል፤ ደሙም በልብና ሳንባ ተተኪው መሣሪያ ውስጥ ሲያልፍ በመላ አካል ብግነት ይቀሰቀሳል።

ተማሪዎቼን ዘወትር የሚያሳስታቸው የደም ግፊት ነው። ግፊት የፍሰትና የቧንቧ ተቃውሞ ብዜት ነው። ፍሰቱ ሲቀንስ ሰውነት የእጅና የእግር ቧንቧዎችን አጥብቦ ግፊቱን ይጠብቃል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚወርደው በመጨረሻ ነው። በወጣትነቴ ተረኛ ሆኜ ሳለ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ነርስ «ዶክተር፣ እግሯ ቀዝቅዟል» አለችኝ። እኔ ግን ሞኒተሩን አሳየኋት፤ ግፊቱ ደኅና ነበር። ሲነጋ ሽንቷ ቆሟል፤ ላክቴቷም ንሯል። ሕፃኗ ተረፈች፤ ኩላሊቶቿ ግን ለማገገም ሳምንታት ፈጁ። ትክክል የነበረችው ነርሷ ናት።

መድኃኒት የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ፣ 238 ሕፃናትን ባካተተ ንጽጽር ጥናት፣ ከፍ ባለ መጠን የተሰጠ ሚልሪኖን ይህን የልብ ድክመት ከ25.9 ወደ 11.7 በመቶ አውርዶታል። ይሁንና መድኃኒቱ የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ ሽንት ለቀነሰበት ሕፃን መጠኑ መቀነስ አለበት።

በአገራችን ችግሩ ሌላም ገጽ አለው። በሁለቱ የታችኛ የልብ ክፍሎች መካከል ሰፊ ክፍተት ያለበት ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት መታከም ሲገባው፣ ብዙዎቹ የሚደርሱልን ዘግይተው ነው። እስከዚያ የሳንባቸው ቧንቧዎች በጎርፉ ብዛት ወፍረው ጠበዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመም፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት፣ አንዳንዴም አክታ መምጠጥ ብቻ ቧንቧዎቹን በድንገት ያኮማትራቸዋል፤ ቀኙ ልብ ይወጠራል፤ ግራው የሚረጨውን ያጣል። ስለዚህ አክታ ከመመጠጡ በፊት ማስታገሻና ኦክስጅን መስጠት ያስፈልጋል። አንዳንድ የቀዶ ሐኪሞችም ክፍተቱን ጨርሰው አይደፍኑትም፤ በመድፈኛው ላይ ወደ ግራ ብቻ የሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ይተዋሉ። ችግሩ ሲነሣ የሕፃኑ ከንፈር ይጠቁር ይሆናል፤ ዝውውሩ ግን አይቋረጥም። በእኔ ግምት ይህ ብልሃት ዘግይተው ለሚደርሱ ሕፃናት ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል። የቀዶ ሐኪሞቻችን በዚህ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ እነሆ ከፊት ተቀምጠዋልና ጥያቄውን ከእነርሱ እንጀምር።